ከድብ ባሕር ወዴት? ዩኒቨርሲቲ ሳይኖር ትምህርት ቤት እንዴት ይመረጥ ነበር?

«ጎንደርን ልሙላ ወይስ ባሕር ዳርን?» የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ምርጫ ሲሞሉ የሚከራከሩበት ይህ ጥያቄ አዲስ ይመስላል እንጂ አዲስ አይደለም።

ድብ ባሕርን እንውሰድ። ከሊማሊሞ ገደል ግርጌ ያለች ከተማ ናት። ሽቅብ ከወጣችሁ ደባርቅ፣ ከዚያም ጎንደር ትገባላችሁ፤ ቁልቁል ከወረዳችሁ በአዲ አርቃይ አድርጋችሁ ተከዜን ተሻግራችሁ ሽሬ ነው። ጣሊያን መንገዱን ከመቁረጡ በፊት ገደሉ የሚወጣው በእግርና በበቅሎ ነበር።

ከዚህ አካባቢ የሚነሳ የቆሎ ተማሪ ዳዊት ከደገመ በኋላ መንገዱን የሚወስንለት የሚፈልገው ትምህርት ነው። ቅዳሴ ከሆነ ቁልቁል ወደ ደብረ ዓባይ ይወርዳል። በከበሮ፣ በጸናጽልና በመቋሚያ የሚዜመውን አቋቋም ከፈለገ ሽቅብ ጎንደር፣ በአታ። የቅዱስ ያሬድን ድጓ የሚያስመሰክረው ጋይንት፣ ቤተልሔም ሲሆን ለዝማሬ መዋሥዕት ደግሞ ዙር አባ አለ። ቅኔ ያማረው ወደ ዋድላ ወይም ወደ ጎጃም፣ ዋሸራና ጎንጅ ይሻገራል። የመጻሕፍት ትርጓሜ? ተመልሶ ጎንደር ነው፤ እዚያም «የላይ ቤት» እና «የታች ቤት» የሚባሉ ሁለት ወገኖች አሉ፣ መምረጥ ነው እንግዲህ!

መረጃው የሚገኘው ከዚያ ከመጣ ተማሪ ነው። የኔታ እንዴት ናቸው? የአገሩ ሰው ቁራሽ ይሰጣል ወይ? ሁለተኛው ጥያቄ ቀልድ አይደለም፤ አኩፋዳ አንግቶ ከደጅ ደጅ እየለመነ የሚማር ልጅ፣ ሕዝቡ ካልሰጠ አይማርም።

የመግቢያ ፈተና የሚባል ነገር አልነበረም። የመጣ ሁሉ ጎጆውን ቀልሶ ከየኔታ እግር ሥር ይቀመጣል። የሚያጣራው ረሃቡ፣ በሽታውና የመንደሩ ውሻ ነው፤ ምስክርነቱ የሚመጣው ከዓመታት በኋላ፣ መጨረሻ ላይ። ትምህርቱ ካልተስማማው ደበሎውን ለብሶ ወደ ሌላ መምህር ይሄዳል፣ ከልካይ የለውም። ይህን ነጻነት ግን አናጋንነው፤ በሩ ለሴት ልጅ ክፍት አልነበረም ማለት ይቻላል። ዓይነ ሥውሯ የጎጃም የቅኔ መምህር እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ስማቸው እስከ ዛሬ የሚነሳው እንደ እሳቸው ያለች ሴት ብርቅ ስለነበረች ነው።

በ1947 ዓ.ም. ጎንደር ላይ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። መነሻው የወባ ወረርሽኝ ነበር፤ ከዚያ ሁለት ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ ደምቢያን ፈጅቷታል። ኮሌጁ የጤና መኮንን፣ ነርስና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያ አሠለጠነ፤ ተማሪዎቹም ቆላ ድባን በመሰሉ የገጠር ከተሞች ይለማመዱ ነበር። የዛሬው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የበቀለው ከዚህ ነው። እዚህ ግን ነገሩ ተገለበጠ፦ ወንበሩ የተቆጠረ ስለሆነ ማጣሪያው ከመጨረሻው ወደ በሩ መጣ።

ዛሬ በሩ ጠብቧል። ብሔራዊ ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች መሰጠት በጀመረበት በ2015 ዓ.ም. ጥቅምት ከተፈተኑት ከ100 ተማሪ 4 እንኳ ግማሹን ነጥብ አላገኙም። ያለፈውም ቢሆን ምርጫውን ይሞላል እንጂ መዳቢው ሚኒስቴሩ ነው። የድብ ባሕር ልጅ አሁን ሊማሊሞን እንደወጣ ደባርቅ ላይ ዩኒቨርሲቲ ያገኛል። ምደባው ሲወጣ ግን ጅግጅጋ ሊደርሰው ይችላል።