«ማቀዝቀዣ» የተሰኘው ቃልና የመኪና ዕቃ ስሞች ታሪክ

ከጅማ ወደ ቦንጋ የሚጓዝ መኪና መጀመሪያ ወደ ሞቃቱ የጎጀብ ሸለቆ ይወርዳል፤ ወንዙን ተሻግሮ ዝናብ ወደማይለየው የከፋ ከፍታ ይወጣል። ስለዚህ በአንድ መንገድ ብርድም ሙቀትም ይሻል። የሁለቱ መሣሪያዎች መለዋወጫ ስሞች ግን የየዘመናቸውን አሻራ ይዘዋል።

የፊተኛው አሻራ የጣልያንኛ ነው። ቺንጋ፣ ፖምፓ፣ ካንዴላ የመሳሰሉት በሹፌርና በመካኒክ አፍ ተለምደው አማርኛ ሆነዋል። የመኪና ማሞቂያ የሚሠራው ከሞተሩ በሚመጣ ሙቅ ውሃ ስለ ሆነ የሚጠራውም በዚሁ በቆየው የሞተር ቋንቋ ነው። ፓካርድ የተባለው የአሜሪካ ፋብሪካ በ1932 ዓ.ም. ለገበያ ያቀረበው የአየር ማቀዝቀዣ ወደ እኛ ሲደርስ ግን ኮምፕረሰር፣ ኮንደንሰር፣ ኢቫፖሬተር እያለ በእንግሊዝኛ ገባ።

ለተርጓሚ አስቸጋሪው ባዕዱ ቃል አይደለም፤ የራሳችን «ማቀዝቀዣ» ነው። ምግብ ማቆያውም፣ የሞተሩ ውሃም፣ የመኪናው ኤሲም በእርሱ ይጠራሉ። «ማቀዝቀዣው ፈሷል» የሚል ጽሑፍ ያነበበ ሹፌር የኤሲው ጋዝ መስሎት ጉዞውን ቢቀጥል ሞተሩ በግለት ይበላሻል። («ጋዝ»ም ቢሆን ለብዙ ሰው ላምባ ነው።) ከዚህም ሌላ ኤሲ አየሩን ያደርቃል፤ በቦንጋ ዝናብ መስተዋቱ በእንፋሎት ሲደበዝዝ የሚያጠራው ከማሞቂያው ጋር ሲከፈት ነው። ነገር ግን በብርድ ቀን «ማቀዝቀዣውን ክፈት» ቢባል ማን ይታዘዛል?

በእኛ አስተያየት «ማቀዝቀዣ» ለምግብ ማቆያው ይተው፤ የሞተሩ «የሞተር ውሃ»፣ ሌላው ሕዝቡ እንደሚጠራው «ኤሲ» ይባል።