የተጠቃሚ መመሪያዎች አስተዳደር
የአንድ ሶፍትዌር ልዩ ልዩ መመሪያዎችን በአንድ ማኅደር አዘጋጅቶ በኢንተርኔት የማውጣት አሠራር ነው። ኢትዮጵያ በጤናው ዘርፍ የምትጠቀምበት፣ በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሚለማው የጤና መረጃ ሶፍትዌር ዲኤችአይኤስ 2 ጥሩ ማሳያ ነው። የተጠቃሚው፣ የአልሚውና የሥርዓት አስተዳዳሪው መመሪያዎች በማርክዳውን ቅርጸት ተጽፈው በጊትሃብ ድረ ገጽ ይቀመጣሉ፤ እያንዳንዱ የሶፍትዌር እትም የራሱ ቅጂ አለው። እትሙን ሳያዩ መመሪያ መክፈት ከንቱ ድካም ነው፤ የተባለው ቁልፍ ከቦታው ይጠፋል።

ዓለም አቀፉ የዲኤችአይኤስ 2 መመሪያ ግን የአገሩን የሪፖርት ወር አቆጣጠር አያውቅም። በኢትዮጵያ ሪፖርት የሚያጠናቅር የጤና ባለሙያ ወሩን የሚቆጥረው ከ21 እስከ ተከታዩ ወር 20 ነው። ከነሐሴ 21 እስከ መስከረም 20 ያለው፣ ጳጉሜን ገብታበት፣ 35 ቀን ይሆናል፤ በየአራት ዓመቱ 36። ይህን የሚያስረዳው የአገር ውስጡ መመሪያ ነው፤ ከዋናው ጋር አብሮ መታደስ ያለበትም እሱ ነው።