ርስት በእናት ወገን

ባለፈው ጥቅምት ማኅበራችን ለበግ ማድለቢያ ብድር ሲሰጥ የመሬት ደብተራችንን ይዘን እንድንቀርብ ተነግሮን ነበር። ከቀየት የሄድን ሴቶች ተራ ስንጠብቅ ደብተሮቹን እየተቀባበልን በፎቶግራፎቹ ስንስቅ ዋልን። አንዷ ከባሏ ጎን ሆና ልትጣላ የመጣች ይመስል አፍጥጣለች። ለማያውቁት ለጋሾቻችን ልንገራቸው፤ በአማራ ክልል ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ለገበሬው የሚሰጠው የይዞታ ማረጋገጫ የባልና የሚስት ስምና ፎቶግራፍ ጎን ለጎን የሚወጣበት ነው።

በጨዋታው መካከል አንዲት ልጅ እግር አባላችን «ድሮ ሴት መሬት የሚባል አልነበራትም፤ ይህ ደብተር ነው ባለ መሬት ያደረገን» አለች። ሁላችንም ራሳችንን ነቀነቅን። እኔም ነቀነቅሁ። ማታ ቤቴ ገብቼ እሳት ስቆሰቁስ ግን አያቴ ትዝ አሉኝና አፈርኩ።

አያቴ ፊደል አልቆጠሩም፤ ትውልድ ግን ይቆጥሩ ነበር። እንዝርታቸውን እያሾሩ፣ የበግ ጠጉሩን በጣታቸው እየሳቡ፣ ከአቅኚው አባት ተነሥተው እስከ ራሳቸው ዘጠኝ ሰው ይጠራሉ። ከዘጠኙ ሦስቱ ሴቶች ነበሩ። እንደ ወንዶቹ «እገሌ እገሊትን ወለደ፣ እገሊት እገሌን ወለደች» እየተባሉ በመስመሩ ውስጥ ይገባሉ። ልጅ ሳለሁ ይህ ምኑም አልደነቀኝም። ዛሬ ሳስበው ግን ነገሩ ያለው እዚያ ላይ ነው። የመንዝ ርስት በአባትም በእናትም ይወረሳል። መሬቱን መጀመሪያ ያቀናው ሰው ዘር መሆኑን ያስቆጠረ ሁሉ፣ መስመሩ በሴት ቢያልፍም በወንድ ቢያልፍም፣ ድርሻ አለኝ ብሎ መሟገት ይችላል። በዚህ የተነሣ አንድ ሰው በስምንት አቅጣጫ ባለ ርስት ሊሆን ይችላል፤ መሬቱ ግን አንድ ነው። ሙግት የማያልቀው ለዚህ ነበር። አያቴም በጃንሆይ ዘመን በእናታቸው ወገን ለሚደርሳቸው ማሳ ደብረ ብርሃን ድረስ በእግራቸው ተመላልሰው ረትተዋል።

አገራችን «በርስትና በሚስት ቀልድ የለም» ይላል። አባባሉ ሴቲቱን ከመሬቱ ጋር ከሚጠበቅ ንብረት ይቆጥራታል። ራሷ ባለ ርስት መሆኗን ተናጋሪው ይረሳዋል፤ ወይም እንዲረሳ ይፈልጋል።

የመንዝ ታሪክ ሲነገርም እንዲሁ ነው። ማማ፣ ላሎና ጌራ የሚባሉ ሰዎች አገሩን እንዳቀኑት፣ ሦስቱ ምድሮችም በስማቸው እንደተጠሩ ከልጅነታችን እንሰማለን። ነጋሲ ክርስቶስ ከመንዝ ተነሥቶ የሸዋን መሳፍንት መሠረት እንደ ጣለ፣ ዘሩም እስከ ዐፄ ምኒልክ እንደ ወረደ እንሰማለን። ሁሉም እውነት፣ ሁሉም ያኮራል። ግን ከመንዝ በስተደቡብ ባለችው ሰላ ድንጋይ የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ እናት ወይዘሮ ዘነበወርቅ ተቀምጠው ሰፊ አገር ያስተዳድሩ እንደ ነበር ስንቶቻችን ሰምተናል? ሚስዮናዊው ክራፕፍ በ1834 ዓ.ም. በዚያ ሲያልፍ አግኝቷቸዋል፤ ስለ እሳቸውም ጽፏል። እ.ኤ.አ. በ1965 «ሰምና ወርቅ» የተባለውን መጽሐፍ ያሳተመው አሜሪካዊው ዶናልድ ሌቪንም መንዝ መጥቶ ኖሮ አይቶናል። መንዜ በርስቱና በዘሩ እንዲህ የሚኮራው ለምን እንደ ሆነ ለመረዳት ደክሟል። እኛ ግን ስለ ራሳችን ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም፤ እናቶቻችንን መጠየቅ ይበቃ ነበር።

የድሮውን ሁሉ ወርቅ ነበር ማለቴ አይደለም። ሸክላ ሠሪዋና የቀጥቃጩ ሚስት ትውልድ ቢቆጥሩም የሚሰማቸው አልነበረም። ባለ ርስቷም ብትሆን አትጠምድም። ሞፈርና ቀንበር የወንድ ነው፤ ስለዚህ ባሏ፣ ወንድሟ ወይም የእኩል አራሽ ካላረሰላት ርስቷ ስም ብቻ ነው። የእናቴ ታሪክ የተበላሸውም እዚህ ላይ ነው።

እናቴ የተዳረችው ራቅ ካለ ቦታ ነበር። በ1962 አባቷ ሲሞቱ ድርሻዋን ለወንድሞቿ ተወችላቸው። ማንም አላስገደዳትም። ለምን ተውሽ ስላት «የወንድም ቤት ያስፈልጋል» ትለኝ ነበር። ሞኝነት እንዳይመስላችሁ። ባል ቢመታት፣ ቢፈታት፣ ቢሞትባት ሴት የምትገባው ወንድሟ ቤት ነው። መሬቷን ሰጥታ መጠጊያ መግዛቷ ነበር። አያቴ ግን ይህንን እስኪሞቱ ድረስ ይቅር አላሏትም። «እኔ በእግሬ ያመጣሁትን አንቺ በአፍሽ ሰጠሽው» ይሏት ነበር።

በ1965 ከአባቴ ጋር ተለያይታ እኔንና ታናሽ ወንድሜን ይዛ ወንድሟ ቤት ገባች። በሁለተኛው ዓመት፣ የካቲት 25 ቀን 1967፣ የገጠር መሬት አዋጅ ታወጀ። ርስት ቀረ፤ መሬት በየቤተሰቡ በአባወራው ስም ተመዘገበ። እናቴ በወንድሟ ቤተሰብ ውስጥ ተቆጠረች። ትታው የነበረው ድርሻ ከዚያ በኋላ የሚጠየቅበት መንገድ አልነበረም፤ የሚያስቆጥርም ሽማግሌ አላስፈለገም። ለጭሰኛው ትልቅ ቀን ነበር፤ አልክድም። በእኛ ቤት ግን አያቴ ያን ቀን እንዝርታቸውን አስቀምጠው ዋሉ።

የጓሳን ነገር የምታውቁ ታስታውሳላችሁ። የአስቦና የጌራ ዘሮች አለቃ መርጠው፣ ሣሩ እስኪደርስ ለዓመታት እየዘጉ ይጠብቁት የነበረው ሥርዓትም በዚያው አዋጅ ወደቀ። ጓሳን ሕዝቡ በኋላ ተሰብስቦ በሌላ መልክ አቁሞታል። የሴቶችን የትውልድ ቆጠራ ግን መልሶ ያቆመው የለም።

እናቴ ባናና ዝተት የሚሆን ፈትል እየፈተለች አሳደገችን። በኋላ በገበሬ ማኅበሩ ሽግሽግ አንዲት ጠባብ የገብስ ማሳ በራሷ ስም አገኘች። ደብተሩ ሲታደል የእሷ ደብተር ላይ አንድ ፎቶግራፍ ብቻ ወጣ። ያን ደብተር በነጠላ ጠቅልላ ሳጥን ውስጥ ታስቀምጠው ነበር።

አምና አረፈች። ማሳውን ወንድሜ ያርሰዋል። ባለፈው ወር ወረቀት ይዞ መጣ። «እትዬ፣ አንቺ እዚያ ባልሽ ቤት መሬት አለሽ፤ ይህችን ለኔ ፈርሚልኝ» አለኝ። ወንድሜ ክፉ ሰው አይደለም። ልጆቹ ብዙ ናቸው፣ ማሳውም ጠባብ ነው፤ እኔም አንድ ቀን የወንድም ቤት ያስፈልገኝ ይሆናል። ብዕሩን አንሥቼ ነበር።

ከዚያ ቡና አፈላሁለት። በረካው ላይ ስንደርስ ትውልድ ቁጠርልኝ አልኩት። በአባታችን በኩል ሰባት ቤት ሳይደናቀፍ ቆጠረ። በእናታችን በኩል ከአያታችን አላለፈም። የቀሩትን ስምንቱን እኔ ቆጠርኩለት፤ ሁለቷን ሴቶች ስጠራ ቀና ብሎ አየኝ። ሲኒውን አስቀምጦ «እስቲ እንደ ገና ከመጀመሪያው» አለኝ።

ወረቀቱ እስካሁን ሳይፈረም እናቴ ሳጥን ውስጥ፣ ከደብተሯ ጋር ተቀምጧል።