የንግግር ዜማ ሐረግ

የዜማ ሐረግ ተናጋሪ በአንድ የድምፅ ጉዞ፣ ሳያቋርጥ የሚያወጣው የቃላት ስብስብ ነው። ድንበሩን የሚያሳየው ዝምታ ብቻ አይደለም። ድምፁ ይወርዳል ወይም ይንጠለጠላል፤ የመጨረሻው ክፍለ ቃል ይጎተታል፤ ቀጣዩ ሐረግ ደግሞ እንደ አዲስ ከፍ ብሎ ይነሳል። የሥነ ልሳን ሊቁ ዋላስ ቼፍ እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተመው መጽሐፍ በእንግሊዝኛ ጭውውት ውስጥ ቁም ነገር የሚያስተላልፈው ሐረግ በአማካይ አምስት ቃል ያህል እንደሆነ አሳይቷል። አንዱ ሐረግ ከአንድ አዲስ ሐሳብ በላይ አይሸከምም ብሎም ይሞግታል።

ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና የተጓዘ ሰው ስለ ጣርማ በር ሲያወራ ይሰማ፦ «ከደብረ ብርሃን ተነስተን / ጣርማ በር ስንደርስ / ጉም ወረደብን።» ሦስት ሐረግ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ድምፃቸውን አንጠልጥለው ይጠብቃሉ፤ ሦስተኛው ዝቅ ብሎ ያርፋል። ነገር ግን «ተነስተን» እና «ስንደርስ» ገና እንዳላለቁ በራሳቸው ቅርፅ ስለሚናገሩ፣ ድምፁ ባይንጠለጠልም ሰሚው ቀሪውን ይጠብቃል። መናኸሪያ ላይ «ደብረ ሲና፣ ሸዋ ሮቢት» የሚለው ረዳት ግን ግስ የለውም። ዝርዝሩን የያዘለት ዜማው ነው።

እንግሊዝኛ ብዙ ጊዜ እንደዚህ ረዳት ነው፤ ሸክሙን ዜማው ላይ ይጥላል። በብሪታንያ ሊቃውንት ትንታኔ ሐረጉ አራት ክፍል አለው፦ ቅድመ ራስ፣ ራስ፣ አስኳል እና ጭራ። ሳይኖር የማይቀረው አስኳሉ ብቻ ነው። «አይ ዲድንት ሲ ዘ ተነል» (ዋሻውን አላየሁም) በሚለው ውስጥ «አይ» ቅድመ ራስ ነው፤ ከ«ዲድንት» እስከ «ዘ» ራስ፤ የ«ተነል» የመጀመሪያ ክፍለ ቃል አስኳል፤ የቀረው ጭራ። ድምፁ ዋነኛ እንቅስቃሴውን የሚጀምረው አስኳሉ ላይ ነው፦ ይወድቃል፣ ይነሳል፣ ወይም ወድቆ መልሶ ይነሳል። ይህ የመጨረሻው «ግን…» የሚል ያልተነገረ ነገር ያስከትላል።

አስኳሉ «አይ» ላይ ከተተከለ የቃላቱ ተርታ ሳይነካ ትርጉሙ ይዞራል፤ ሌላው አይቷል፣ እኔ ነኝ ያላየሁት እንደማለት ነው። አማርኛ ይህን ሲፈልግ ዓረፍተ ነገሩን ራሱን ይሰብረዋል፦ «ዋሻውን ያላየሁት እኔ ነኝ።» ወድቆ የሚነሳውን ዜማ ደግሞ አንዲት ፊደል ትተካለታለች፦ «ዋሻውንማ አላየሁም።» የእኛ ተማሪ እንግሊዝኛውን ሰዋስው ሳያጓድል ተናግሮ ጠፍጣፋ የሚመስለው፣ በእኔ ግምት፣ ከዚህ የተነሳ ነው። የለመደው ሥራውን ለ«ነው» እና ለ«ማ» መስጠት ነው። ጥያቄ ላይ ግን አማርኛም ድምፁን ያምናል። «ዋሻውን አለፍን» የሚለው «ወይ» ሳይጨመርበት፣ በመጨረሻው ድምፅ መነሳት ብቻ ጥያቄ ይሆናል።

ዜማን በስም መለየት ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። የቆሎ ተማሪ በንባብ ቤት የግዕዝ ቃላትን ተነሽ፣ ተጣይ፣ ሰያፍና ወዳቂ እያለ ለይቶ ይማራል፤ ወዳቂውን አንስቶ ያነበበ ወዲያው ይታረማል። እነዚህ የሚገዙት ቃልን እንጂ ሐረግን አይደለም። ለሐረጉ የሚቀርበው የቅዱስ ያሬድ ዜማ ምልክት ነው፤ ድፋት ድምፅን ያወርዳል፣ ቁርጥ ይዘጋዋል። ይህም ቢሆን የማኅሌት እንጂ የወሬ ዜማ አይደለም። ምልክቶቹን የሠሩት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንደሆኑ ይነገራል፤ ዘመኑም የአፄ ገላውዴዎስ፣ 16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። ጆሹዋ ስቲል የእንግሊዝኛን የንግግር ዜማ በኖታ ለመጻፍ የሞከረበት መጽሐፍ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1775 ነበር።