ሁለገብ የዝላይ ሰሌዳ፦ ምንነቱና ለሴት አመራረጡ

የስኖውቦርድ፣ ማለትም በበረዶ ላይ ቆመው የሚንሸራተቱበት ሰሌዳ፣ መሸጫ የገባ ሰው «ኦል ማውንቴን ፍሪስታይል» የሚል ምድብ ማግኘቱ አይቀርም። በአማርኛ «ሁለገብ የዝላይ ሰሌዳ» ብንለው ይስማማዋል። ፍሪስታይልን «ነጻ ስልት» ማለትም ይቻል ነበር፤ ግን ለአዲስ ሰው ምንም አይነግረውም። በዚህ ስፖርት ፍሪስታይል ማለት መዝለል፣ አየር ላይ መሽከርከርና በብረት ሐዲድ ላይ መንሸራተት ነው። «ሁለገብ» የተባለው ደግሞ ያው ሰሌዳ ከዝላይ ሜዳው ውጪ በተደለደለው ቁልቁለትም፣ በዛፎች መሃል ባለው ያልተነካ በረዶም እንዲያገለግል ስለሚሠራ ነው።

ሸርማን ፖፐን የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1965 ሚሺጋን ውስጥ ሁለት ስኪዎችን አጣምሮ የስኖውቦርድን ቀዳሚ ሲሠራ ለሴት ልጆቹ ብሎ ነበር። እንዲህም ሆኖ «የሴት» የሚለው ምልክት ለብዙ ጊዜ ካጠረና ሮዝ ከተቀባ ሰሌዳ ብዙም አያልፍም ነበር። ዛሬ እውነተኛ ልዩነት አለ፤ ያለው ግን በወገቡ ስፋትና በግትርነቱ ላይ ነው።

የሰሌዳው ወገብ በሁለቱ እግሮች መሃል ያለው ጠባቡ ክፍል ነው። በሴቶቹ ሰሌዳ ላይ ብዙውን ጊዜ 24 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ይሆናል። ከእግር በላይ ከሰፋ ከአንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው ለማዘንበል ያታክታል፤ ከጠበበ ደግሞ የጫማው አፍንጫ በረዶውን ይነካና ይጥላል። እግሯ ትልቅ የሆነ ሴት የወንዶቹን ብትወስድ ነውር የለውም።

ግትርነቱን አምራቾች ከ1 እስከ 10 ይለኩታል። ሁሉን የሚያስማማ መለኪያ ስለሌለ የአንዱ 5 የሌላው 6 ሊሆን ይችላል። ለዚህ ዓይነቱ ሰሌዳ ከ4 እስከ 6 ያለው ጥሩ ነው። ሻጮች ለሴት ሲሆን በጣም ለስላሳውን ማውጣት ይወዳሉ፤ እኔ አልስማማም። የለሰለሰው ለጀማሪ ይመቻል፤ ፍጥነት ሲጨምር ግን ይንቀጠቀጣል፣ ከትልቅ ዝላይ ሲወርዱበትም አይደግፍም።

ቅርጹን ለማወቅ ሰሌዳውን ወለል ላይ ማጋደም ይበቃል። መሃሉ ከፍ ብሎ ወረቀት ከሥሩ የሚያልፍ ከሆነ «ካምበር» ነው፤ ቅስት እንበለው። ቅስቱ ሲረገጥ ተጭኖ መልሶ ስለሚያስፈነጥር ለዝላይ ኃይል ይሰጣል፣ ጠርዙም ጠጣር በረዶ ላይ ይነክሳል። መሃሉ ወለሉን ነክቶ ጫፎቹ እንደ ታንኳ ከተነሡ «ሮከር» ነው፤ ስህተት ይቅር ይላል፣ ለስላሳ በረዶ ላይ ይንሳፈፋል፣ ጠጣሩ ላይ ግን ይንሸራተታል። ሁለቱን ያዳቀሉም ሞልተዋል። ለሁለገቡ ሰሌዳ እኔ ከእግሮቹ ሥር ቅስት ያለውን ድቅል እመርጣለሁ፤ በረዶው ብዙ ጊዜ በሚጠጥርበት በቨርሞንት ለሚውል ደግሞ ሙሉ ቅስቱን።

ቀጥሎ የፊትና የኋላው እኩልነት ይታያል። ሁለቱ ጫፎች በቅርጽም በግትርነትም አንድ ከሆኑ «መንታ» ይባላል። ዘላዩ ዞሮ ኋላውን ወደፊት አድርጎ ሲያርፍ ልዩነት አይሰማውም። አሜሪካዊቷ ጄሚ አንደርሰን እ.ኤ.አ. በ2014 እና በ2018 የኦሎምፒክ ወርቅ የወሰደችበት ስሎፕስታይል፣ ማለትም በተከታታይ ሐዲዶችና ዝላዮች ላይ የሚደረገው ውድድር፣ እንዲህ ያለውን አስተራረፍ አብዝቶ ይጠይቃል። ቀኑን በአብዛኛው ቁልቁለት ላይ ለምታሳልፍ ግን ቅርጹ መንታ ሆኖ ኋላው ጠንከር ያለው ይሻላል።

ርዝመቱን አገጭ ድረስ አስጠግቶ መለካት የቆየ ልማድ ነው። ሰሌዳውን የሚጫነው ግን ክብደት እንጂ ቁመት ስላልሆነ የአምራቹን የክብደት ሠንጠረዥ ማየት ይበልጣል። ውሎዋ ዝላይ ሜዳ ከሆነ ከዚያ ላይ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር መቀነስ ትችላለች። ዴንቨር ለሚኖሩ ወገኖቻችን እንደ ብሬከንሪጅና ኪስቶን ያሉት ተራሮች ቅርብ ናቸው፤ እዚያ ሁለት ዓይነት ተከራይቶ በአንድ ቀን ማነጻጸር ይቻላል። ጫማው ግን አስቀድሞ ይገዛ፤ የወገቡ ስፋት የሚወሰነው በእሱ ነው።