የጎማ ዳዶዎችን በትክክል ማጥበቅ፦ በሆሳዕና እና በሐዲያና ከምባታ ከተሞች ለሚገኙ አሽከርካሪዎችና ባለንብረቶች

ከሆሳዕና ወደ ወራቤ፣ ወደ ዱራሜ እና ወደ ወላይታ ሶዶ በሚወስዱት መንገዶች ዳገትና ቁልቁለት ይበዛል፤ ወደ ገጠር ቀበሌዎች የሚያደርሱት ብዙዎቹ ደግሞ ጠጠርና ኮረኮንች ናቸው። በእነዚህ መንገዶች ተሳፋሪ ወይም ጭነት ይዞ የሚንቀሳቀስ ተሽከርካሪ ዳዶው ከላላ ጎማው በጉዞ ላይ ሊወልቅ ይችላል። የወለቀ ጎማ ተሽከርካሪውን ለመገልበጥ ከማጋለጡም በላይ በቁልቁለት ተንከባሎ እግረኛን ሊገድል ይችላል።

ዳዶ የሚላላበት ምክንያት

ጎማውን የሚይዘው ዳዶው ሲጠብቅ ብሎኑን ስቦ ቸርኬውን ከሞዞው ጋር የሚያጣብቅበት ኃይል ነው። በመካከላቸው ጭቃ፣ ዝገት ወይም ወፍራም ቀለም ካለ በጉዞ ላይ ተፈጭቶ ይወጣና ዳዶው ይላላል። ከመጠን በላይ ማጥበቅም እንዲሁ ጎጂ ነው፤ ብሎኑን ለጥጦ ለመሰበር ይዳርገዋል። በመሆኑም በመፍቻ ላይ ቆሞ መዝለል ወይም ቧንቧ ቀጥሎ ማጥበቅ ተገቢ አይደለም።

ጎማ ሲቀየር መከተል የሚገባ ቅደም ተከተል

1. ተሽከርካሪውን ከመንገዱ ዳር በሜዳማና ጠንካራ መሬት ላይ ማቆም፣ የእጅ ፍሬን መያዝ፣ ታኮ ማድረግ እና ባለሦስት ማዕዘን አንጸባራቂ ምልክት ማስቀመጥ።
2. ዳዶዎቹን ጎማው መሬት እንደነካ በጥቂቱ ማላላት፤ ከዚያም በክሪክ ማንሳት። በክሪክ ብቻ ከተያዘ ተሽከርካሪ ሥር መግባት አይገባም።
3. የቸርኬውንና የሞዞውን መገናኛ እንዲሁም የብሎኑን ጥርስ ማጽዳት። አምራቹ ካላዘዘ በስተቀር ዘይት ወይም ግሪስ አለመቀባት።
4. ዳዶውን በመጀመሪያ በእጅ ማስገባት። ሾጣጣ ጎን ያለው ዳዶ ከሆነ ሾጣጣው ጎን ወደ ቸርኬው መዞር አለበት።
5. ዳዶዎቹን በተራ ሳይሆን በመስቀለኛ፣ ማለትም አንዱን ከዚያም ትይዩውን፣ በመጠኑ ማጥበቅ።
6. ጎማውን ወደ መሬት አውርዶ በዚያው ቅደም ተከተል በቶርክ መፍቻ ማጠናቀቅ።

ለአብዛኞቹ የቤት አውቶሞቢሎች የማጥበቂያው መጠን ከ90 እስከ 120 ኒውተን ሜትር ነው። ሆኖም ከሞዴል ሞዴል ስለሚለያይና ለጭነት ተሽከርካሪዎች እጅግ ከፍ ስለሚል፣ ትክክለኛው መጠን ከተሽከርካሪው መመሪያ መጽሐፍ መወሰድ አለበት። የአየር መፍቻ ለመፍታት ይጠቅማል፤ የመጨረሻው ማጥበቅ ግን በቶርክ መፍቻ መረጋገጥ ይኖርበታል።

የኋላ ጥንድ ጎማ ያላቸው የጭነት ተሽከርካሪዎች

በአንዳንድ የጃፓን ሥሪት የጭነት ተሽከርካሪዎች የውስጡና የውጪው ጎማ የየራሳቸው ዳዶ አላቸው። የውጪው ዳዶ ሳይላላ የውስጡን ማጥበቅ ስለማይቻል፣ በመጀመሪያ የውጪውን ማላላት፣ የውስጡን ማጥበቅ፣ ከዚያም የውጪውን መልሶ ማጥበቅ ያስፈልጋል። ይህ ሲከናወን ሁሉም የውጪ ዳዶዎች በአንድ ጊዜ መላላት የለባቸውም። በእነዚህ ተሽከርካሪዎች የግራ ጎን ብሎኖች ጥርሳቸው ተቃራኒ ሊሆን ስለሚችል ከመጀመር በፊት አቅጣጫውን ማረጋገጥ ይገባል።

ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ጉዞ በኋላ

ጎማ በተቀየረ ቁጥር በዚህ ርቀት ውስጥ ዳዶዎቹ እንደገና መፈተሽ አለባቸው። ከሆሳዕና ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ አሽከርካሪ ይህን ወራቤ ላይ ማከናወን ይችላል።

ወዲያውኑ ለማቆም የሚያስገድዱ ምልክቶች

- የመሪ ወይም የተሽከርካሪው አካል ያልተለመደ መንቀጥቀጥ
- ከጎማ አካባቢ የሚሰማ የመንኳኳት ድምፅ
- ከዳዶው ሥር የሚወርድ የዝገት መስመር
- የጎደለ ዳዶ፣ የተሰበረ ብሎን ወይም የተሰነጠቀ ቸርኬ

ብሎን የተሰበረበት ጎማ «በቀሩት ይደርሳል» ተብሎ ጉዞ ሊቀጥል አይገባም፤ የተሰበረው ብሎን ሸክም ወደ ሌሎቹ ስለሚተላለፍ እነርሱም ይከተላሉ።

የኃላፊነት ድርሻ

በተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት የሚደረገው ዓመታዊ ምርመራ ተሽከርካሪው በዕለቱ ያለበትን ሁኔታ ያሳያል እንጂ የዕለት ተዕለት ፍተሻን አይተካም። ባለንብረቶች ለአሽከርካሪዎቻቸው ተገቢውን መፍቻ እንዲያሟሉ፣ ጎሚስታዎች ሥራቸውን በቶርክ መፍቻ እንዲያጠናቅቁ፣ ተሳፋሪዎችም ከላይ የተዘረዘሩትን ምልክቶች ሲመለከቱ ለአሽከርካሪው ወይም በቅርብ ለሚገኝ የትራፊክ ፖሊስ እንዲያሳውቁ እናሳስባለን።