የተዋንያኑ አህያ

ስለ ስፔን ቴአትር ወርቃማ ዘመን ሲነሣ በቅድሚያ የሚጠሩት ሎፔ ዴ ቬጋና የማድሪድ ቴአትር ቤቶች ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1579 የተከፈተው ላ ክሩዝና በ1583 የተከተለው ኤል ፕሪንሲፔ። እኔን ግን የሚማርከኝ ከከተማ ወጥቶ በአቧራው መንገድ የሚያዘግመው አህያ ነው። ተውኔቱን እስከ ገጠር መንደር ተሸክሞ ያደረሰው እሱ ነውና።

ይህን ያቆየልን አጉስቲን ዴ ሮሃስ ይባላል። ራሱ ተዋናይ ስለ ነበር የተዋናይን ኑሮ ከውስጥ ያውቀዋል። በ1603 ባሳተመው መጽሐፍ ተዘዋዋሪ ተዋንያንን በ8 ደረጃ ከፍሏቸዋል። የመጨረሻው ድኻ ብቻውን በእግሩ የሚዞር ነው፤ የመንደሩን ቄስ አስፈቅዶ፣ ሣጥን ላይ ወጥቶ የሁሉንም ገጸ ባሕርያት ቃል ለብቻው ይናገራል።

አህያው ብቅ የሚለው 5ኛው ደረጃ ላይ፣ “ጋርናቻ” በሚባለው ቡድን ውስጥ ነው። 5 ወይም 6 ወንዶች፣ አንዲት ሴት፣ ሁለተኛዋን ሴት ሆኖ የሚጫወት አንድ ልጅ። ሀብታቸው አንድ ሣጥን ነው፤ ጥቂት ልብስ፣ የእረኛ ለምድ፣ ሰው ሠራሽ ጢምና ጠጉር። ሣጥኑ አህያው ላይ ይጫናል፤ ሴትዮዋ ከኋላው ተፈናጣ ታጉረመርማለች፤ ወንዶቹ ከበስተኋላ እየነዱ ይከተላሉ። አንድ መንደር ውስጥ 8 ቀን ይሰነብታሉ፤ ለ4 አንድ አልጋ ላይ ይተኛሉ። እስቲ አስቡት፤ አህያው አነከሰ ማለት እኮ ቴአትሩ መንገድ ላይ ቀረ ማለት ነው!

6ኛው ቡድን 4 አህዮች ይከራያል። አንዱ ለሣጥኖቹ፣ ሁለቱ ለሴቶቹ፣ አራተኛው ወንዶቹ በየሩብ ሊጋው እየተቀያየሩ የሚቀመጡበት። ከሁሉ በላይ ያለው ደግሞ 16 ተዋንያን፣ 30 በላተኞችና ከ3000 ኪሎ በላይ ጓዝ አለው። ማዕረግ የሚለካው በትወና ችሎታ ሳይሆን በሸክም ይመስላል።

ሰርቫንቴስም በ1615 በታተመው በዶን ኪሆቴ ሁለተኛ ክፍል ተዋንያንና አህያን አገናኝቷል። በጠዋት በአንድ መንደር ተጫውተው ከሰዓት በሌላው ሊጫወቱ የሚሄዱ ተዋንያን፣ ልብሳቸውን ላለመቀያየር የሞትንና የሰይጣንን ልብስ እንደ ለበሱ በቅሎዎች በሚስቡት ጋሪ ይመጣሉ። ከመካከላቸው ቃጭል ያንጠለጠለው ቀልደኛ የሳንቾ ፓንዛን አህያ ዘሎ ይፈናጠጥና በተነፋ ፊኛ እየደበደበ ያስጋልበዋል። ሳንቾ ዱላው የገዛ ዐይኑ ላይ ቢያርፍ ይሻለው ነበር። “አህያ” ማለት ስድብ ለሆነብን ለእኛ ይህ ፍቅር ያስቃል፤ እኔ ግን አልሳቅሁም።

ጥቂት እንደ ሄዱ ሰውዬው ከነአህያው ወደቀ። እሱ በእግሩ ወደ መንደሩ ሲያዘግም፣ አህያው ማንም ሳይጠራው ወደ ጌታው ተመለሰ። ተዋንያኑ ድንጋይ ይዘው ተሰልፈዋል፤ ዶን ኪሆቴ የአህያህን በደል ተበቀል እያለ ይገፋፋል። ሳንቾ ግን ቂሙን ለእሱ እንዲተውለት አህያውን ራሱን እንደሚያግባባው ነገረው።